ለውሻ የሚሆኑ የወጥ ቤት ቅጠሎችና ቅመሞች፦ መጠናቸው፣ አዘገጃጀታቸው፣ ክልክል የሆኑት

የካዛንቺስ_ጓሮ ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። 30 ኪሎ የሚመዝን የ9 ዓመት ጀርመን ሼፐርድ አለ። ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ይይዙታል፣ አፉም ይሸታል። ግማሹ ምግቡ ደረቅ የውሻ ምግብ፣ ግማሹ የቤት ትራፊ ነው። ጓሮ ውስጥ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳምና ፐርሰሜሎ አለ። ወጥ ቤት ደግሞ እርድ፣ ዝንጅብል፣ አብሽና ነጭ ሽንኩርት አይጠፋም። ከእነዚህ የቱን፣ በምን ያህል መጠን፣ እንዴት አዘጋጅቼ ልስጠው? የትኛውንስ ፈጽሞ አላስጠጋው?

ቢሾፍቱ_ሐኪም መለሰ፦

ወንድሜ፣ ከቅጠሉ በፊት ስለ ትራፊው እንነጋገር። የሀገራችንን የቤት ውሻ ከቅጠል እጦት ይልቅ ቁሌት ይጎዳዋል።

ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ሁሉም ድኝ ያለባቸው ውህዶች አሏቸው። እነዚህ ውህዶች በውሻ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ያበላሹታል። የተበላሸው ሄሞግሎቢን በሴሉ ጠርዝ ላይ እንደ ጉብታ ይጠራቀማል፤ ሃይንዝ ቦዲ የሚባለው እሱ ነው። ጣፊያም ጉብታ ያለበትን ሴል እየለቀመች ታፈርሰዋለች። መጨረሻው የደም ማነስ ነው። መቀቀል፣ ማቁላላት፣ ማድረቅ መርዙን አያጠፋውም። የደረቀው ዱቄት እንዲያውም ውኃው ስለወጣለት በክብደት ሲለካ የባሰ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ የበላ ውሻ ላይ የመመረዝ ምልክት በተደጋጋሚ ታይቷል። በኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም የበላው ደግሞ ደሙ ላይ ከባድ ለውጥ ይታያል። ላንተ ውሻ 0.5 በመቶ ማለት 150 ግራም ነው። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ተቁላልቶ የተሠራ ወጥ ከሆነ፣ አንድ ትልቅ ጭልፋ መረቅ ወደዚያ መጠን ይጠጋል። ጎረቤት ያለች 8 ኪሎ ውሻ ከሆነች ግን ወሰኗ 40 ግራም ነው፤ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ቁሌት ይበቃታል። በአንድ ቀን ብዙ መብላት ብቻም አይደለም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚበላ ውሻም ቀስ እያለ ደሙ ይወርዳል።

ምልክቱ የሚመጣው በበላበት ቀን ሳይሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ በመሆኑ ሰው ከምግቡ ጋር አያገናኘውም። ከንፈሩን ገልጠህ ድዱን እይ፦ ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነህ ስትለቀው ቀለሙ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ይመለሳል። ድዱ ከነጣ ወይም ቢጫ ካለ፣ ሽንቱ የቡና አተላ ከመሰለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረጃ መውጣት ካቃተው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። በብዛት ሲበላ ካያችሁት ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ አድርሱት፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ማስታወክ ይቻላል። በቤት ውስጥ ጨው በጥብጦ መጋት ግን ክልክል ነው፤ የጨው መመረዝ ራሱን የቻለ ገዳይ ነገር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማዘዣ፦ ወጥ፣ ምጥን ሽሮ፣ በርበሬ የገባበት ነገር ሁሉ ከሳህኑ ይውጣ። ምጥን ሽሮና በርበሬ ውስጥ ብዙ ጊዜ የደረቀ ሽንኩርት አብሮ ይፈጫል፤ ስለማይታይ ይረሳል። ንጥር ቅቤም ሽንኩርቱ ተጣርቶ ወጣ ተብሎ አይሰጥ፤ ስቡ ብቻውን የጣፊያ ጎረቤት የሆነውን ቆሽት ያስቆጣል። ለውሻው የሚቀቀለው ሥጋና አትክልት ከሽንኩርቱ በፊት ይነሳለት፤ ያለ ጨው።

ጦስኝ_ሻይ መለሰች፦

ዶክተር የጀመሩትን ልቀጥል፤ ስለ አዘገጃጀቱ። የምሰጠው መጠን ሁሉ 30 ኪሎ ለሚመዝነው ላንተ ውሻ ነው። ለ10 ኪሎ ውሻ ሲሶውን ስጡ። እርጥብ ቅጠል ሲደርቅ ስለሚጠነክር፣ 3 እጅ እርጥብ በ1 እጅ ደረቅ ይተካል።

በሶብላ፦ ከሁሉም ለስላሳው ነው። እርጥቡን ቅጠሉን ብቻ ለይቶ (ግንዱ ያስቸግራል) በደንብ ከትፎ 1 የሻይ ማንኪያ፤ የደረቀ ከሆነ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል።

የጥብስ ቅጠል፦ መርፌ መሰል ቅጠሉን ከእንጨቱ ለይታችሁ እንደ ዱቄት ክተፉት፤ ሳይደቅ የገባ ቅጠል ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል፣ ጉሮሮም ይወጋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርጥብ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። የውሻ ምግብ ፋብሪካዎች ስቡ እንዳይበላሽ የሚጨምሩት የዚሁ ቅጠል ጭማቂ ነው፤ ይኸውም በጣም በትንሹ። የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ አይሰጥ፤ ካምፎርና ሲኒዮል የሚባሉት ዘይቶቹ ነርቭን ይቀሰቅሳሉ ተብሎ ይፈራል።

ጦስኝ፦ የኛው ደገኛ ጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል ያለበት ጠንካራ ቅጠል ነው። ቅጠሉን ሳይሆን ሻዩን ስጡት። 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ፣ ተከድኖ 10 ደቂቃ፣ በወንፊት ተጠልሎ ይቀዝቅዝ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ምግቡ ላይ። ስኳርና ማር አያስፈልገውም።

ዝንጅብል፦ መኪና ላይ ለሚያስመልሰው ውሻ ነው የሚጠቅመው። ልጣጩ ተልጦ በመፈቅፈቂያ የተፈቀፈቀ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ከመንገዱ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ በትንሽ ቅንጬ ለውሶ። ቢበዛ ግማሽ። ከዚያ ካለፈ ራሱ ሆድ ያቃጥላል፣ ውሻው ሳር መጋጥ ይጀምራል።

እንስላል፦ አልጠየቅከውም እንጂ ለሆድ መነፋት ከሁሉ ይሻላል። 1 የሻይ ማንኪያ ፍሬ በሙቀጫ ሰንጠቅ አድርጎ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ 15 ደቂቃ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ 3 የሾርባ ማንኪያ።

ማድረሻው ምንም ይሁን ምን አንድ ሕግ አለ፦ አንድ ቅጠል ብቻ ጀምሩ፣ ከግማሽ መጠን፣ ለ4 ቀን። ሰገራው ካልቀጠነ፣ ካላሳከከው፣ ካላስመለሰው ሌላውን ጨምሩ። አምስቱን በአንድ ቀን ከጨመራችሁና ከተቅማጠ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቁም።

አባ_ጠባቂ መለሰ፦

ነጭ ሽንኩርትን ሙሉ በሙሉ መከልከል የተጋነነ ይመስለኛል። ለቁንጫና ለመዥገር ብለው ለትልልቅ ውሾች አንድ ፍሬ በሳምንት የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ ውሾቹም አልሞቱም።

ቢሾፍቱ_ሐኪም መለሰ፦

ያልሞቱበት ምክንያት አለው፤ 30 ኪሎ ውሻ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት (ከ3 እስከ 5 ግራም) በልቶ አይሞትም፣ ድንገተኛም አያስብለውም። በ2000 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ለውሾች በኪሎ 5 ግራም ነጭ ሽንኩርት የሚመጥን ጭማቂ ለ7 ቀን ሰጥተው ነበር። ውሾቹ ከላይ ሲታዩ ደህና ነበሩ፤ በአጉሊ መነጽር ግን ቀይ ሴሎቻቸው ተጎድተዋል። ድምዳሜያቸውም ለውሻ አይሰጥ የሚል ነው።

እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላው ወገን ነው፦ ጥቅሙ። ነጭ ሽንኩርት በልቶ ቁንጫ የሚርቀው ውሻ ስለመኖሩ የሚታመን ማስረጃ የለም። ቁንጫው እንቁላሉን የሚጥለው ውሻው ላይ ቢሆንም፣ እንቁላሉ ረግፎ የሚፈለፈለው ምንጣፍ ላይ፣ ውሻው የሚተኛበት ጨርቅ ላይ፣ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጨርቁን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ወለሉን መጥረግና ለውሻ የተሠራ ጠብታ ወይም ክኒን በክብደቱ መስጠት ይሠራል። ለበግና ለከብት መዥገር የሚሸጥ መርጫ በግምት በጥብጦ ውሻ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ከነጭ ሽንኩርቱ በብዙ እጥፍ አደገኛ ነው። ጥቅም የሌለውን ነገር፣ ትንሽም ቢሆን ጉዳት እያለው፣ ለምን እንጨምራለን?

የካዛንቺስ_ጓሮ፦

ገብቶኛል ዶክተር፣ ነጭ ሽንኩርቱ ወጥቷል። እርዱስ? እግሩ ነው የሚያሳስበኝ።

ሜሪላንድ_ሰላም መለሰች፦

ስለ እርድ የማውቀውን ልጻፍ፤ እዚህ አሜሪካ የውሻ ባለቤቶች በጣም ስለሚጠቀሙበት ጥሩውም ስህተቱም ተጠርቶ የታወቀ ነው።

ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በውኃ አይሟሟም፤ ደረቁን ዱቄት ምግብ ላይ መነስነስ ብዙውን በሰገራ መመለስ ነው። ስለዚህ ሊጥ ይደረጋል፦ 2 የሾርባ ማንኪያ እርድ በ4 የሾርባ ማንኪያ ውኃ፣ በዝቅተኛ እሳት ከ7 እስከ 10 ደቂቃ እያማሰሉ፤ ሲወፍር ከእሳት አውርዶ 1 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ወይም የወይራ ዘይትና ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። በማሰሮው ጠርዝ ላይ ቅባቱ ተለይቶ ካበራ እሳቱ በዝቷል፤ ትንሽ ውኃ ጨምሮ መምታት ይመልሰዋል። በብርጭቆ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ2 ሳምንት ይቆያል። ሻጋታ ወይም የቆመጠጠ ሽታ ካለው ይጣል።

አንድ የሻይ ማንኪያ ሊጥ ውስጥ ከ1 ግራም ጥቂት ያለፈ እርድ አለ። ላንተ ውሻ ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ቢበዛ ለጠዋትና ለማታ ተከፍሎ 1 የሻይ ማንኪያ። ጨውና ቅመም በሌለበት አይብ ብትለውሰው ሳይለቅም ይበላዋል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ ዱቄቱ። ከሱቅ የተፈጨውን ከመግዛት ድፍኑን እርድ ገዝቶ ቤት መፍጨት ይሻላል። ወፍጮ ቤት የሚወስዱትም ይጠንቀቁ፤ ከእርዱ በፊት በርበሬ የተፈጨበት ድንጋይ ያንን ሁሉ ወደ እርዱ ያስተላልፋል፣ ውሻውም ያቃጥለዋል፣ ሽንኩርትም ይገባበታል። ሁለተኛ ቁንዶ በርበሬው የእርዱን ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቶችንም መመጠጥ ይጨምራል። ውሻው ለሕመም ማስታገሻ ካርፕሮፌን ወይም ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ከሆነ ያለ ሐኪም ፈቃድ አትጀምር። ሦስተኛ እርድም ዝንጅብልም ደም የመርጋት አቅምን ይቀንሳሉ ስለሚባል፣ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ከ2 ሳምንት በፊት ይቁም። የሐሞት ጠጠር ላለበትም አይሆንም።

ከሱቅ ጠርሙስ ለሚገዙ እዚህ ላሉት ደግሞ፦ የሰው ማሟያ ምግቦችን የሚቆጣጠረው የ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሕግ ለእንስሳት አይሠራም፤ በእንስሳት ማሟያ ላይ ያለው ቁጥጥር የላላ ነው። ኤንኤኤስሲ የሚባለው ማኅበር የጥራት ማኅተም ያለበት ዕቃ ቢያንስ ፋብሪካው ተፈትሿል። ዝርዝሩን አንብቡ፦ ዛይሊቶል (አንዳንዴ የበርች ስኳር ተብሎ ይጻፋል)፣ የሽንኩርት ዱቄት፣ ገውዝ ካለበት መልሱት። ዛይሊቶል የውሻን ስኳር በደቂቃዎች ይጥላል፣ ጉበትንም ያጠፋል።

ቢሾፍቱ_ሐኪም መለሰ፦

እህቴ ጥሩ ጽፈሻል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለመገጣጠሚያ እርድ በውሻ ላይ ያለው ማስረጃ ደካማና የተምታታ ነው። ትልቁ መድኃኒት ክብደት ነው። ጀርመን ሼፐርድ ጎኑን ስትዳብስ የጎድን አጥንቱ በቀላሉ መቆጠር አለበት፤ ካልተቆጠረ ምግቡን በ10 በመቶ ቀንስለት። ሲሚንቶ ላይ አይተኛ፤ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍለት። በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ በለስላሳ መሬት መራመድ ከአንድ ረጅም ሩጫ ይሻላል። ይኼ ካልተሟላ እርዱ ብቻውን አያነሳውም። ከዚያ ውጭ የኋላ እግሩን እየጎተተ ጥፍሩ መሬት የሚፋቅ ከሆነ ነገሩ መገጣጠሚያ ላይሆን ይችላል፤ የአከርካሪ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል በአካል ይታይ።

ሰንዳፋ_ቤት ጠየቀ፦

ሰላም ዶክተር። በዚያው ስለ ትል ልጠይቅ። ሰገራው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ኮሶ ወይም እንቆቆ ብሰጠው? የዱባ ፍሬስ?

ቢሾፍቱ_ሐኪም መለሰ፦

የሩዝ ፍሬ የሚመስለው የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ኮሶም እንቆቆም ለሰው ሲሰጡ የኖሩ ናቸው፣ ይሁን እንጂ የአበባው ጥንካሬ እንደ አሰባሰቡና እንደ ዕድሜው ስለሚለያይ ለውሻ የሚታወቅ መጠን የለውም፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ቢበዛ ይመርዛል። የዱባ ፍሬ አይጎዳም፣ ግን አያወጣውም።

ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በአፍ፣ ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊ ግራም፣ ያበቃል። ለወስፋት ግን አይሠራም፤ ለሱ ሌላ ክኒን ይጨመራል። ቁንጫውን አብራችሁ ካላጠፋችሁ ይመለሳል፤ አንዱ የኮሶ ትል ዓይነት በቁንጫ ነው የሚተላለፈው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው። በበዓል የበግ ወይም የከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ፊኛ የመሰለ ውኃ የቋጠረ ነገር ካለ፣ ያ ኤኪኖኮከስ የሚባል ትል ነው። ጥሬውን ውሻ ሲበላው ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ልጆች እጅ። ሰው ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ፊኛ ያበቅላል፣ ለማውጣት ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ስለዚህ የተጣለ ሳንባና ጉበት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ውሻው ጥሬ አይብላ።

ቅጠልን በተመለከተ አንድ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ለእብድ ውሻ በሽታ ምንም ዓይነት ቅጠል፣ ሥርና ጸበል ክትባትን አይተካም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ነገር የለም። ውሻው በየዓመቱ ይከተብ።

ማለዳ_ቡና ጠየቀች፦

እርጉዝ ለሆነች ውሻስ? ጤና አዳም ጓሯችን ሞልቷል፣ ሁሌም አጠገቡ ትተኛለች። ጥቁር አዝሙድም እንሰጣት ነበር።

ጦስኝ_ሻይ መለሰች፦

እህቴ፣ ጤና አዳም ለእርጉዝ ፈጽሞ አይሰጥ፤ ማህፀን ያስቆጣል። እርጉዝ ላልሆነችውም አልመክርም። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ቆዳ ላይ ቀርተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ፤ ሆዷና አፍንጫዋ ላይ ፀጉር የሌለበት ቦታ ከቀላና ከቆረሰፈ ከሱ ሊሆን ይችላል። ቁጥቋጦውን በአጥር ለዩት። አጠገቡ መተኛቷ ብቻ አይጎዳትም፣ ተንከባልላበት ከሆነ በለብ ያለ ውኃ እጠቧት።

አብሽም ይቅር፤ ማህፀን ላይ ይሠራል፣ የደም ስኳርም ይቀንሳል። ጥቁር አዝሙድ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ኮረሪማ፣ ገውዝ፣ ሁሉም በእርግዝናና ለሚጠባ ቡችላ አይሰጡ። ከእነዚህ ውስጥ ገውዝ ለማንኛውም ውሻ በማንኛውም ጊዜ ክልክል ነው፤ ነርቭ ላይ ይሠራል። እርጉዟ የሚያስፈልጋት የቡችላ ምግብ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት በትንሽ በትንሹ ደጋግማችሁ ስጧት።

በጠርሙስ የሚሸጥ የቅጠል ዘይት፣ የናናም ይሁን የጦስኝ፣ ለውሻ አይጠጣ አይቀባም። አንድ ጠብታ ውስጥ የብዙ ቅጠል ጥንካሬ አለ።

የካዛንቺስ_ጓሮ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አንዷ ጥያቄዬ አልተመለሰችም፤ የአፉ ሽታ። ፐርሰሜሎ ይሠራል ይባላል።

ቢሾፍቱ_ሐኪም መለሰ፦

ፐርሰሜሎ ለጥቂት ሰዓት ሽታውን ይሸፍናል፣ ምክንያቱን ግን አይነካውም። እርጥቡን በደንብ ከትፈህ 1 የሻይ ማንኪያ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ኦክሳሌት ስላለው የሽንት ጠጠር ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት አትስጠው። ከድንብላል ቅጠል ጋር ብትቀላቅለው ችግር የለውም።

አሁን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልጠህ ከጎን ያሉትን ትልልቅ መንጋጋዎች ተመልከት፣ በተለይ የላይኞቹን። ከድዱ ጠርዝ ጀምሮ ቡናማ ድንጋይ የመሰለ ነገር ካለ፣ ድዱም ቀልቶ ሲነካ ከደማ፣ ሽታው ከዚያ ነው። ያንን ድንጋይ ቅጠል አያነሳውም፣ አጥንት ማኘክም አያነሳውም፤ በሰመመን ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ በልጅ ብሩሽ፣ ለውሻ በተሠራ የጥርስ ሳሙና፣ ቢቻል በየቀኑ ውጭኛውን ጎን ብቻ መቦረሽ እንዳይመለስ ያደርገዋል። የሰው ሳሙና አይሆንም፤ ውሻ አይተፋም፣ ፍሎራይዱን ይውጠዋል፣ አንዳንዱም ዛይሊቶል አለበት።

ጥርሱ ንጹሕ ሆኖ ሽታው የሽንት ወይም የአሞኒያ ከሆነ፣ ውኃም አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ፣ በ9 ዓመቱ ኩላሊቱን ማስመርመር አለብህ። ጣፋጭ የፍራፍሬ ሽታ ካለው የደም ስኳሩ በዚያው ቀን ይለካ። ሁለቱም ውጤቶች እስኪደርሱ እርዱንና አብሹን አትጀምር።